ከኦፌሊያ እስከ ሐምሌት፤ ስለ ሩት ነጋ የትወና ጉዞ

ከአንኮበር ተራራ ግርጌ፣ ደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል በሚወርድበት አቅጣጫ የምትገኘው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ትልቅ የገበያ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ከደጋው ሰው ጋር የሚገናኘው በዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 በከተማዋ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ያየውንና የሰማውን ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። ስለ አንዲት የሆሊውድ ተዋናይት የሚናገር ጽሑፍ ከአሊዩ አምባ መጀመሩ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ አንዲት ተማሪ ናት።

በከተማዋ ለሚገኙ የአንድ ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ አባላት ስለ ቴአትር እንድናገር ተጋብዤ ሄጄ ነበር። ንግግሬን እንደ ጨረስሁ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ ‹‹ጋሼ፣ ሩት ነጋ የኛ ናት አይደል? እሷ የደረሰችበት ለመድረስ ምን ያስፈልጋል?›› አለችኝ። ‹‹ተሰጥኦና ጥረት›› ብዬ መለስሁ። ተጨበጨበልኝ። ወደ አንኮበር የሚወጣውን ዳገት ስንያያዝ ግን የሰጠሁት መልስ መልስ አለመሆኑ ይከነክነኝ ጀመር። ለማንም፣ ስለማንም ሊባል የሚችል ነገር ነበርና። እነሆ ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በወጉ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

‹‹የኛ ናት›› የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሩት ነጋ ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባትና ከአየርላንዳዊት እናት አዲስ አበባ ተወለደች። ገና በሕፃንነቷ ከአገር ወጣች። አባቷ በመኪና አደጋ ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ያደገችው በአየርላንድ በሊመሪክ፣ በኋላም በለንደን ነው። የትወና ትምህርቷንም የተከታተለችው በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ በሳሙኤል ቤኬት ስም በሚጠራው የቴአትር ማዕከል ነው። ስለዚህ ለኦስካር በታጨች ጊዜ ‹‹ኢትዮጵያዊቷ ተዋናይት›› እያልን በየጋዜጣው የጻፍነው ሁሉ ስለ ደሟ እንጂ ስለ ሙያዋ አልነበረም። ሙያዋን ያሳደገላት ሌላ ነው። ይህን ሳያነሡ ድሏን መጋራት ዘር ሳይዘሩ አውድማ ላይ ከመገኘት አይለይም።

ጉዞዋ የተጀመረው ከመድረክ ነው። ስቴላ ፊሂሊ የተባለች ጸሐፌ ተውኔት በደረሰችው ‹‹ዳክ›› በተሰኘ ተውኔት ላይ በመሥራቷ ገና በጀማሪነቷ ለኦሊቪየር ሽልማት ታጨች። በ2005 በኒል ጆርዳን ፊልም ውስጥ ተሳተፈች፤ በ2006 በበርሊን የፊልም በዓል ተስፋ ከሚጣልባቸው የአውሮፓ ወጣት ተዋንያን አንዷ ተብላ ተመረጠች። በ2009 በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ከሄለን ሚረን ጋር በራሲን ‹‹ፌድር›› ላይ ተጫወተች። በ2011 የዘፋኟን የሸርሊ ባሲን ሕይወት በቴሌቪዥን ተወነች። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለዝና ጸሐፊ የሚመቹ አይደሉም። በትልልቅ ፊልሞች ውስጥ ጥቃቅን ሚናዎች፣ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች። በ2013 በወጣው ‹‹አሥራ ሁለት ዓመት በባርነት›› ላይ የተቀረጸችው ክፍል እንኳ በቅንብር ጊዜ ተቆርጦ ወጥቷል። ለታላቅ ሚና የበቃችው የትወና ሥራ ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ለእኔ ይበልጥ የሚናገሩት ሁለት ዓመታት ናቸው፤ 2010 እና 2018። በመጀመሪያው በለንደን ብሔራዊ ቴአትር በ‹‹ሐምሌት›› ኦፌሊያን ሆና ተጫወተች። በሁለተኛው በደብሊን ጌት ቴአትር፣ ደቡብ አፍሪካዊቷ ያኤል ፋርበር ባዘጋጀችው ትርኢት፣ ራሱን ሐምሌትን ሆነች። ያው ትርኢት በ2020 ወደ ኒው ዮርክም ተወስዷል። ተውኔቱን በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የሚያውቁት አንባብያን የርቀቱን መጠን አያጡትም። ኦፌሊያ አባቷ የሚያዛት፣ ወንድሟ የሚመክራት፣ መስፍኑ የሚሰድባት ናት። የራሷን ሐሳብ በነጻነት መናገር የጀመረችው አእምሮዋን ከሳተች በኋላ ነው። ሐምሌት ግን ከሁሉ በፊት የሚያስብ ሰው ነው፤ ተመልካቹም የሐሳቡ ምስክር ሆኖ ያመሻል። አንዲት ተዋናይት ከሚነገርላት ወደሚናገረው፣ ከሚታዘንላት ወደሚጠይቀው ለመሻገር ስምንት ዓመት ፈጀባት። እኔ የእድገቷ ልክ የምለው ይህንን ነው። ከኦስካር እጩነት በኋላ ወደ ደብሊን መድረክ መመለሷም በሆሊውድ መሰላል ለሚለካ ሰው ቁልቁል መውረድ ይመስለው ይሆናል።

እጩነቱን ያስገኘላት ‹‹ላቪንግ›› ጄፍ ኒኮልስ ያዘጋጀው የ2016 ፊልም ነው። ርዕሱ የባልና ሚስቱ የቤተሰብ ስም ነው። ጥቁሯ ሚልድረድና ነጩ ሪቻርድ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ወደ ትውልድ መንደራቸው ቨርጂኒያ ሲመለሱ በሌሊት ከመኝታቸው ተይዘው ታሰሩ፤ ለ25 ዓመት ከክፍለ ግዛቱ እንዲርቁ ተፈረደባቸው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1967 እንዲህ ያለው ጋብቻን የሚከለክል ሕግ ተሻረ። በሌላ አዘጋጅ እጅ ቢወድቅ ፊልሙ በጠበቆች ንግግር ይሞላ ነበር። እዚህ ግን የመጀመሪያው ቃል የሚልድረድ ነው። በምሽት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ማርገዟን ትነግረዋለች። ሰውየው ወዲያው አይመልስም። በዚያች የዝምታ ጊዜ ሩት ፊቷ ላይ የምታሳልፈውን አስተውሉ፤ ፍርሃትም አለ፣ ፍርሃትን መደበቅም አለ፣ ለማንኛውም መልስ መዘጋጀትም አለ። ቃል የለም።

ይህ ዝምታ ግን የተሸናፊ ዝምታ አይደለም። በከተማው ጠባብ ቤት ልጆቿን እያሳደገች የምትቃጠለው፣ ለፍትሕ ሹሙ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ የምትጽፈው፣ ጠበቆቹን የምታነጋግረው እሷ ናት። ባልየው ግንበኛ ነው፤ ከጋዜጠኛና ከካሜራ ይሸሻል። ሩት የሴቲቱን ቆራጥነት ድምፅ ከፍ በማድረግ አላሳየችውም። አነጋገሯን ዝግ፣ ዓይኗን ግን የማይሰበር አደረገችው። እንባና ጩኸት የትወና መለኪያ ሆኖ በቆየበት የእኛ መድረክ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ከባድ ትምህርት ነው።

በ2021 የወጣው ‹‹ፓሲንግ›› የዚህ ተቃራኒ ነው። ኔላ ላርሰን በ1929 ባሳተመችው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርታ ሬቤካ ሆል በጥቁርና ነጭ ያዘጋጀችው ሲሆን፣ ሩት የምትጫወተው ክሌር ጥቁር ሆና ሳለ ነጭ መስላ፣ ጥቁርን ለሚጠላ ነጭ ባል ሚስት ሆና የምትኖር ናት። በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ሳቋና አኳኋኗ የበዛ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳየው ግን የበዛው የተዋናይቷ ሳይሆን የክሌር መሆኑ ገባኝ። ሴትዮዋ ዕድሜዋን በሙሉ ትወና ላይ ናት፤ ለአፍታም ከመድረክ መውረድ አትችልም። የሆነ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ሚና በሆሊውድም በየዓመቱ አይገኝም። ስለ ጭራቅ ጦርነት የሚያወሩትን ፊልሞቿን አልፌያቸዋለሁ፤ እንጀራ ናቸው።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። ምን ያስፈልጋል? ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። እሱ በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመው የቴአትር ጥበባት ክፍል ተጀምሯል። መድረክ ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚኖር ወጣት ግን የት ነው? ከሁሉም በላይ ሚና ያስፈልጋል። ተዋናይት ባልተጻፈ ሚና አታድግም። ድሮ በመድረካችን የሴትን ሚና ወንዶች ይጫወቱት ነበር፤ አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ደፋሮች ይህን ሰበሩ። እኛ ጸሐፌ ተውኔቶች በተከፈተው በር ምን አስገባን?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ተውኔቶች አውጥቼ ሴቶቹን አንድ በአንድ ተመለከትኋቸው። ቡና የምታፈላ አለች። ልጇ የሞተባትና የምታለቅስ አለች። ጀግናው እንዲበቀል ሲባል በሁለተኛው ገቢር የምትሞት አለች። ለራሷ የምታስብ፣ ብቻዋን መድረክ ላይ ቆማ ከራሷ ጋር የምትሟገት አንዲትም የለችም። ሁሉም የኦፌሊያ እኅቶች ናቸው፤ ኦፌሊያስ ቢያንስ የእብደት ትዕይንት ነበራት። ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ በድኻ መድረክ ወይም በጠባብ በጀት የሚሳበብ አይደለም።

ጉዳይ ጠፍቶም አይደለም። በአሊዩ አምባ ብቻ ስንት ሴት ነግዳለች፣ ስንቷ ባሏ ወደ አዳል ወርዶ ሲቀርባት ቤቷንና ገበያዋን ይዛ ኖራለች! ስለዚያ ዘመን ከተማዋን ሊያውቅ የሚሻ ሰው ግን ዛሬም የሚያነበው የእንግሊዛዊውን ሐኪም መጽሐፍ ነው።

ልጅቷ ክበቡ የሚለማመደው ተውኔት እንድልክላት ጠይቃኝ ነበር። ከራሴ ሥራዎች ለእሷ የሚሆን ስላጣሁ የጸጋዬን ‹‹ሐምሌት›› ላክሁላት። በደብዳቤዬም ኦፌሊያን ብቻ ሳይሆን ሐምሌትንም እንድታጠና ጻፍሁ። እስካሁን መልስ አልደረሰኝም።