ጠገራ ብር የሚለይ ዓይን

የድሮ የወሎ ገበያ ነጋዴ፣ ሐይቅም ሆነ አምባሰል፣ ጠገራ ብር ሲሰጠው ዝም ብሎ መቀነቱ ውስጥ አይቋጥርም ነበር። ብሩ ላይ በተቀረጸችው በንግሥት ማርያ ትሬዛ ራስ ላይ ያሉት ዕንቁዎች፣ የትከሻዋ ጌጥ፣ ከሥሯ ያሉት ሁለት ፊደላት ጠርተው ካልታዩት ይመልሰዋል። ዓመቱ ምስክር አይሆንም፤ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ብሯ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ያንኑ ዓመት ይዞ ተመትቷል። የተሸረፈውን ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ ጎላ ብሎ የወጣው ጽሑፍ ያጋልጠዋል። እርግጥ ነጋዴዎቹ አበዙት፤ ፈዘዝ ያለ ደህና ብርም ይመልሱ ነበር። ግን ባንክ እምብዛም ባልነበረበት አገር 28 ግራሙን ጠገራ ያስከበረው ይኸው ዓይን ነው። አያትዎ ሣጥን ውስጥ አንዱ ካለ፣ አንጥረኛ ሳያቀልጠው ትከሻዋን ደህና አድርገው ይመልከቱ።