ንድፍና መሬት፦ ሥዕል በሕንጻ ሥራ ላይ ስላለው ሥልጣን

ሕንጻ ከመገንባቱ በፊት ይሣላል። ይህ የታወቀ በመሆኑ ንድፍ የሐሳብ ታዛዥ አገልጋይ ሆኖ ይቆጠራል፤ አርክቴክቱ ያስባል፣ እጁ ይሥላል፣ ግንበኛው ያንኑ ይሠራል ይባላል። ሥራው በቅርብ ሲመረመር ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ንድፍ ባለሙያው የሚያየውንና የማያየውን አስቀድሞ ይወስናል። በወረቀቱ ላይ መስመር ያልተሰመረለት ነገር በስብሰባ አይነሣም፤ በበጀትም አይያዝም። ስለዚህ ንድፍ እንደ ድርሰትና እንደ ተውኔት ሁሉ ሊነበብና ሊሔስ የሚገባው ሥራ ነው።

ጎጆ የሚቀልስ ገበሬ በመረጠው ቦታ መካከል ችካል ይተክላል፤ በችካሉ ላይ ገመድ አሥሮ በመዞር የግድግዳውን ክብ በመሬቱ ላይ ያሰምራል። ይህም ንድፍ ነው። ልኩ የቤቱ ልክ ነው፤ ወረቀቱም መሬቱ ራሱ ነው። ቋጥኝ ወይም ተዳፋት ቢያጋጥም ችካሉ ተነቅሎ ወደ ሌላ ይተከላል፤ የቤቱ እመቤትም በሩ ወዴት ቢዞር እንደሚሻል እዚያው ቆማ ልትናገር ትችላለች። ንድፍ ከመሬት ወደ ወረቀት ሲሸጋገር ከፍተኛ ኃይል ተገኝቷል፤ ብዙ ፎቅ፣ ብዙ ሠራተኛና ብዙ ቁሳቁስ በአንድ ሐሳብ ሥር ማስተባበር ተችሏል። በዚያው ልክ ግን መሬቱና ነዋሪው ከሣዩ ዓይን ርቀዋል።

ይህ ርቀት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል የአዲስ አበባ ታሪክ ያስረዳል። በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ከተማይቱን ሳይረግጣት ፕላኗን ነድፎ ለኢጣልያ ባለሥልጣኖች አቀረበ። በንድፉ ላይ ሰፊ ጎዳና ከተማይቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ ያልፋል። በቤተ መንግሥቱና በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ የበቀሉት ሰፈሮችና አብያተ ክርስቲያናቱ ግን በወረቀቱ ላይ የሉም። እንደ ሥዕል ሲታይ መስመሩ ድፍረትና ጥራት አለው። ጥራቱ የተገኘው ግን በሥፍራው የሚኖረውን ሕዝብ ከነቤቱ በመፋቅ ነው። አንድም ቤት ሳይፈርስ ከተማይቱ በወረቀት ላይ ፈረሰች ማለት ይቻላል።

ያ ንድፍ ሥራ ላይ አልዋለም። ወራሪዎቹ የመረጧቸው ኢጣልያውያኑ ጉዊዲና ቫሌ ያዘጋጁት ፕላን ግን የኢጣልያኑን መኖሪያ ከኢትዮጵያውያን መኖሪያ በመስመር ለየ፤ ገበያውም ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ዛሬም ድረስ መርካቶ እየተባለ ይጠራል። በወረቀት ላይ የመለያ መስመር የነበረው በምድር ላይ ትእዛዝ ሆነ።

ንድፍ ሕዝብን እንደሚሰውር ሁሉ የሥራውንም ችግር ሊሰውር ይችላል። ለዚህ የአውስትራሊያው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ምስክር ነው። ዴንማርካዊው ዮርን ኡትዞን እ.ኤ.አ. በ1957 ውድድሩን ያሸነፈው እንደ ሸራ በተነፉ ጣሪያዎች ንድፍ ነበር። ሥዕሉ ዳኞቹን ማረከ፤ ጣሪያው በምን ስሌት እንደሚቆም ግን አልነገረም። የጣሪያው ቅርጽ ሳይወሰን እ.ኤ.አ. በ1959 ግንባታው በመጀመሩ፣ አንዳንዶቹ ዓምዶች ክብደቱን እንደማይችሉ ታውቆ እንደገና ተሠሩ። መፍትሔው የተገኘው ጣሪያዎቹ ሁሉ ከአንድ ሉል ገጽ ተቆርጠው እንዲወጡ ሲወሰን ነው፤ ያን ጊዜ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ማውጫ ደጋግሞ ኮንክሪት ማፍሰስ ተቻለ። ኡትዞን እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራውን ለቀቀ፤ ሕንጻው በ1973 ተመረቀ፤ በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የተገመተው ወጪም 102 ሚሊዮን ደረሰ። የመጀመሪያው ሥዕል ባይማርክ ኖሮ ይህ ድንቅ ሕንጻ ባልኖረ ነበር፤ ሁለተኛው፣ ለሠራተኛው እጅ የተመቸው ንድፍ፣ ባይገኝ ኖሮም ባልቆመ ነበር። ሁለቱ የተለያየ ሥራ እንዳላቸው አለመለየቱ ግን ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አስከፍሏል።

ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራው ሥዕል ከፎቶግራፍ አይለይም። በአዲስ አበባ የግንባታ አጥሮች ላይ ተለጥፎ የሚታየው ሕንጻ መስታወቱ ያንጸባርቃል፤ ሰማዩ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው፤ በደጃፉ ጉሊት የለም፤ የክረምት ጎርፍም አይወርድበትም። እንዲህ ያለው ሥዕል ለገንዘብ አውጪውና ለፈቃድ ሰጪው አስቀድሞ ከቀረበና ከተወደደ፣ መሐንዲሱ ሕንጻውን ለፀሐዩና ለመሬቱ ከማስማማት ይልቅ ከሥዕሉ ጋር ማስማማት ግዴታው ይሆናል። ምዕራብን የሚያይ የመስታወት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደሚያግል ሥዕሉ አያሳይም፤ ውስጡ የሚሠራው ሰው ግን ይሰማዋል።

ስለሆነም ማማሩ ብቻ አንድን ንድፍ ለውሳኔ ብቁ አያደርገውም። ሕንጻው ተሰንጥቆ ሲታይ የሚያሳየው ንድፍ፣ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ፣ በቦታው ያሉት ቤቶችና መተላለፊያዎች አብረው ሊቀርቡ ይገባል። መምህራን ተማሪዎች ፕላን ማንበብ እንዲችሉ ቢያስተምሩ፣ ሠዓሊያንም የሰውን ልክና የሰፈሩን ኑሮ ወደ ወረቀቱ ቢመልሱ፣ ነዋሪው ስለ ገዛ ሰፈሩ በሚነደፈው ላይ ሐሳቡን ለመስጠት ይችላል። ከውሳኔ በፊት ለእያንዳንዱ ንድፍ መቅረብ ያለበትም ጥያቄ ይኸው ነው፦ በዚህ ቦታ ከሚኖረው ውስጥ ያልተሣለው ማን ነው?