ቀለበቷ ያልተደፈነች «ቤ»

በሌዘር የተቀረጸ የአማርኛ ጽሑፍ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በ«ቤ» ወይም በ«ሌ» እግር ላይ ባለችው ትንሽ ቀለበት ነው። ፓወሩ በዝቶ ወይም ስፒዱ ቀንሶ ከሆነ የቀለበቷ ውስጥ ተቃጥሎ ይደፈናል፤ «ቤተሰብ» ተብሎ የታዘዘው «ቢተሰብ» መስሎ ሳሎን ይሰቀላል።

አሁን ፊቴ ያለው የዋንዛ ሰሌዳ ከዚህ ነውር የጸዳ ነው። ፊደሎቹ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳሉ፣ ቀለበቶቻቸው ግን ሁሉም ክፍት ናቸው። የተቀረጸው ጎድጓዳ ቡናማ ነው እንጂ ከሰል አልሆነም፤ ጣት ቢያሹበት ጥላሸት አይዝም። ጨረሩ የሚቀርጸው መስመር በመስመር እየተመላለሰ ነው። በአንድ ኢንች 254 መስመር ሲባል በመስመሮቹ መካከል 0.1 ሚሊ ሜትር ይኖራል፤ የጨረሩም ውፍረት ከዚያ ብዙ ካልራቀ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ጥራት የሚጨምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። 500 ቢያደርጉት ጨረሩ ያቃጠለውን መልሶ ያቃጥላል፤ የሚተርፈው ከሰል ነው። በፊደሎቹ ዙሪያ የጭስ ጥላ አለመኖሩም በዕድል አይደለም፤ ባለሙያው ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር አስቀድሞ ለጥፎ፣ በላዩ ቀርጾ፣ ኋላ ልጦታል። ፓይን በሚባለው እንጨት ላይ ቢሆን ይህን ያህል ባላማረ፤ ፈዛዛው የእንጨቱ መስመር ጠልቆ ሲቃጠል ጠቆር ያለው ስለሚቋቋም ገጹ እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ያወጣል።

ብርጭቆ ላይ ነገሩ ይለያል። እዚያ ጨረሩ አያቃጥልም፣ በሙቀት ዓይን የማይለያቸው ስንጥቆች ይፈጥራል፤ ነጭ ሆነው የሚታዩን እነሱ ናቸው። ሙቀቱ ሲበዛ ስብርባሪ ይነሳና ጠርዙ ይሻክራል። ስለዚህ ጎበዞቹ እርጥብ ወረቀት ይለጥፉበታል ወይም ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ስስ አድርገው ይቀቡታል፤ የሚቀረጸውንም ጥቁር ሥዕል ወደ 80 ፐርሰንት ግራጫ ያወርዱታል። ጥሩ የተቀረጸ ብርጭቆ በጣት ሲዳሰስ ለስለስ ያለ ነው።

አክሪሊክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራው ሲቀረጽ በረዶ መስሎ ይነጣል፣ በማሽን ተገፍቶ የወጣው ግን ደብዝዞ ይቀራል። ያልተቀባ ብረት የሲኦቱ (CO2) ሌዘርን የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮ ሜትር የሆነ ጨረር አብዛኛውን መልሶ ይወረውረዋል፤ ለሱ 1.06 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የሚሠራው ፋይበር ሌዘር ያስፈልጋል። አኖዳይዝድ አሉሚኒየም ግን ለሁለቱም እሺ ይላል፤ ቀለሙ ብቻ ስለሚነሳ ፈጣን አንድ ዙር ይበቃዋል። ሁለተኛ ዙር የሚጨምርበትን ሰው ሥራውን ያውቃል አልለውም።

ፒቪሲ ፕላስቲክ በሌዘር ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ምንነቱን የማታውቁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ሄዳችሁ ባለሙያው «ይህንን አልቀርጽም» ቢላችሁ አትቀየሙት፤ ሌላ ሥራም ለሱ ስጡት።