የጀማሪው ጉባኤ ቃና፦ ስለ ዲስትሪቢዩተር ክዳንና ስለ ሮተር

በጎጃም የቅኔ ቤቶች ለጀማሪው ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ የሚሰጠው ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ሳይሆን ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው፤ ይህም ጉባኤ ቃና ቀላል ስለ ሆነ ሳይሆን፣ አጭር ሆኖ ሳለ የቅኔ ሕግ በውስጡ ስለሚገኝና የተማሪው ስሕተት የሚሸሸግበት ስፋት ስለሌለው ነው። እኔም በፍኖተ ሰላም በጋራዥ ሥራ ስኖር፣ መካኒክነትን ሊማር የመጣ ወጣት እጁን የሚያሟሽበት ሥራ የትኛው ቢሆን ይሻላል ብዬ ሳወጣና ሳወርድ፣ ከዚህ ከሊቃውንቱ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ሆኖ ያገኘሁት የዲስትሪቢዩተርን ክዳንና ሮተር መለወጥ ነው። ዕቃው ሁለት ብቻ ነው፤ መሣሪያው ከአንድ ካቻቢቴ ብዙም አያልፍም፤ ጉልበትም አይጠይቅም፤ ነገር ግን ተራን የማይጠብቅና ምክንያትን የማይመረምር እጅ በዚህ ሥራ ላይ ወዲያው ይገለጣል።

አስቀድሞ ዕቃው በየትኛው መኪና ላይ እንደሚገኝ መለየት ያሻል። ከቡሬ ገበያ እህልና በርበሬ ጭኖ የሚወጣው አይሱዙ በናፍጣ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ታምቆ በሚግል አየር ነውና ብልጭታ አያስፈልገውም፤ በየመንደሩ የሚመላለሰው ባጃጅም የቤንዚን ቢሆን እንኳ ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ስለ ሆነ እሳት የሚያካፍልለት አይሻም። ዲስትሪቢዩተር ያለው አሮጌው የቤንዚን መኪና፣ ይኸውም ቮልስ፣ ላዳ፣ የቀድሞው ኮሮላና የቀድሞው የቤንዚን ላንድክሩዘር ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን አሮጌ ጠግኖ ማኖር ለብዙ ሰው ግዴታ ስለ ሆነበት፣ ዘመኑ አልፏል የሚባለው ይህ ዕውቀት በእኛ አገር ገና ሥራ አልፈታም።

የዕቃው ግብር እንዲህ ነው። ከባትሪው የሚወጣው የ12 ቮልት ኃይል በቦቢናው አማካይነት እስከ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ፣ በመካከለኛው ገመድ በኩል ወደ ክዳኑ ይገባል፤ በዚያም በስፕሪንግ የምትገፋ ትንሽ የካርቦን ዘንግ ተቀብላ ለሮተሩ ታስረክበዋለች፤ ሮተሩም እየዞረ በክዳኑ ዙሪያ ባሉት የብረት ጫፎች አጠገብ ሲያልፍ፣ ሳይነካቸው በጥቂት ክፍተት ላይ እሳቱን እያሻገረ ለየካንዴላው በየተራው ያድላል። ሮተሩ የሚዞረው የሞተሩን ዋና ዘንግ እኩሌታ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እርሱ 1,500 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በየሰከንዱ 100 ብልጭታ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ሥርዓት አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ለካዲላክ አውቶሞቢል ካዘጋጀ በኋላ፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ቦቢና እስኪሰጠው ድረስ ዓለም ለረዥም ዘመን ሲጠቀምበት ኖሯል።

የዚህ ዕቃ ዋና ባላጋራ እርጥበት ነው። በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ ብርቱ ነውና፣ ሌሊቱን ደጅ ያደረ መኪና በክዳኑ ውስጥ ጤዛ ይቋጥራል፤ በላህ ወይም በፈጣም ወንዝ ዳር ኮፋኖውን ከፍተው ሞተሩን በውሃ የሚያጥቡትም ሰዎች ለንጽሕና ብለው ይህንኑ ጉዳት ያመጡበታል። ብርቱው ኤሌክትሪክ እርጥበትና አቧራ በተደባለቁበት ገጽ ላይ አቋራጭ መንገድ ሲያገኝ፣ መንገዱን አቃጥሎ ካርቦን ያደርገዋል፤ ካርቦንም ራሱ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለ ሆነ፣ ክረምቱ አልፎ ክዳኑ ከደረቀ በኋላ እንኳ እሳቱ በዚያው እየሳተ ይቀራል። በዚያን ጊዜ መኪናው ማለዳ አልነሣም ይላል፤ ቢነሣም ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ኃይል ያጥረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በጭስ ማውጫው በኩል ይተኩሳል።

ጀማሪ ሁሉ እነዚህን ምልክቶች ሲሰማ ለመለወጥ ይቸኩላል፤ አዲስ ዕቃ ማስገባትንም እንደ ዕውቀት ይቆጥረዋል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ትእዛዝ አንዲት ናት፦ ምክንያቱን በጣትህ ልታሳየኝ ያልቻልኸውን ዕቃ አትለውጥ። በእኛ ከተማ ያልተገኘ ዕቃ ከባሕር ዳር ወይም 387 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ የግምት ዋጋ በባለ መኪናው ኪስ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ክዳኑ ተነሥቶ በብርሃን ይመረመራል። ከጫፍ ወደ ጫፍ የተሰመረ ቀጭን ጥቁር መስመር ከተገኘ እሳቱ የሳተበት መንገድ ይኸው ነው፤ ስንጥቅ ከተገኘ ደግሞ ክዳኑ መድኃኒት የለውም። የካርቦኗ ዘንግ አልቃ ወይም ተጣብቃ ከሆነ ሮተሩ የሚረከበው የለም። ከብረት ጫፎቹ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ይልቅ ተቃጥሎ ከታየ፣ ጥፋቱ ከክዳኑ ሳይሆን ከዚያ ጫፍ ገመድ ወይም ካንዴላ ሊሆን ይችላልና ክዳን መለወጥ ብቻውን አያድነውም። በውስጡ ዘይት ከተገኘ ጥፋቱ ከበታቹ ነው። እርጥበት ብቻ ከሆነ ግን ደረቅ ጨርቅ ይበቃል፤ ባለ መኪናውም ምንም ሳይገዛ ይሄዳል።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው ራሱ ተራን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። አዲሱ ክዳን ከአሮጌው ጎን በአንድ አቅጣጫ ይያዝና፣ ገመዶቹ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አንድ በአንድ ይዛወራሉ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ ነቅሎ በትዝታ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ያለ ፍሬ ይደክማል። ገመድ የሚነቀለው ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ በመያዝ እንጂ ገመዱን በመጎተት አይደለም። ሮተሩ በብዙዎቹ መኪናዎች ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በአንዳንዶቹ ግን በብሎን ስለሚታሰር አስቀድሞ ማየት ይገባል። አሮጌው ሮተር ከመውጣቱ በፊት በጣት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ጥቂት ተገፍቶ ሲለቀቅ በስፕሪንግ ኃይል ሊመለስ ይገባዋል፤ ካልተመለሰ ሌላ ሕመም አለ። አዲሱም በዘንጉ ላይ በአንድ አኳኋን ብቻ እንዲገባ ተደርጎ የተሠራ ነውና፣ አልገባም ካለ ይዞራል እንጂ አይደበደብም። ክዳኑም በጎድጓዳው ልክ ገጥሞ ሳይንጋደድ ከተቀመጠ በኋላ ይቆለፋል።

ጀማሪው ሊያከብረው የሚገባ አንድ ወሰን አለ፤ የዲስትሪቢዩተሩን አካል የያዘውን ብሎን እንዳይነካ። ክዳንና ሮተር በመለወጥ ታይሚንግ አይናወጥም፤ አካሉ ከተፈታና ከዞረ ግን ብልጭታው የሚወጣበት ሰዓት ይዛባል፤ የሁለት ዕቃ ሥራ የነበረውም የሌላ ቀን ትምህርት ይሆናል። ሞተሩ ተነሥቶ የሚተኩስ ከሆነ ግን አስቀድሞ የሚጠረጠረው የሁለት ገመድ መለዋወጥ ነው፤ የእሳቱ ተራ በኮሮላና በላዳ 1-3-4-2፣ በቮልስ ግን 1-4-3-2 ስለ ሆነ፣ የአንዱን ሕግ በሌላው ላይ መጫን አይገባም።

ሥራው በሞተሩ መነሣት አይፈጸምም። ተማሪው አሮጌውን ክዳን ወስዶ ለባለ መኪናው በእጁ ያስረክባል፤ «ጋሼ፣ ይችን ጥቁር መስመር ይመልከቷት፤ እሳቱ በዚህ ነበር የሚስተው» ብሎም ያስረዳል። ባለ መኪናው አይቶ ከተረዳ ዋጋውን ያለ ክርክር ይከፍላል፤ ደግሞም ኮፋኖውን ከፍቶ ሞተሩን በወንዝ ውሃ ከማጠብ ይታቀባል። ምክንያቱን ሊያሳይ ያልቻለ ተማሪ ግን፣ መኪናው በደኅና ቢነሣለትም እንኳ፣ ያን ቀን የለወጠው ዕቃ እንጂ የተማረው ሥራ የለምና፣ ወደሚቀጥለው ትምህርት አላሳልፈውም።