ሁለት ዓይን፣ አንድ ዓይን

በፍራንክፈርት ባንሆፍስፊርቴል ምሳ የምበላበት የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የዘይት ቅብ ሥዕል ተሰቅሏል። ነጠላ ያጣፋች ሴት ቡና ትቀዳለች፤ ሦስት ሰዎች ከበዋት ተቀምጠዋል። ዓይኖቻቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ትልልቅ ናቸው፤ ፊታቸው በጥቁር መስመር ተከቧል፤ ጀርባው ቢጫ ነው። እንዲህ ያለው ሥዕል በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮችም፣ በስደት አገር ሳሎኖችም ሞልቷል። ሻጮቹ «ባህላዊ አሣሣል» ይሉታል። ሥዕሉ አያስጠላም። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስበላ አንድም ቀን አይቶኝ አያውቅም። ለምን?

በእኛ የቅዱሳት ሥዕላት ትውፊት ዓይን ጌጥ ሳይሆን ሕግ ነው። ቅዱሳንና ደጋጎች በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ይሁዳ፣ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሁለት ዓይን የተሰጠው ከምእመኑ ጋር ይተያያል፤ አንድ ዓይን ብቻ የቀረለት ከዚያ መተያየት ውጭ ሆኗል። አሠራሩም ይህን ያግዛል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን፣ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ስሙን ጽፎ በተወልን የእመቤታችን ሥዕል፣ የሚቀባው በጄሶ በተለሰነ የእንጨት ገበታ ላይ ነበር። እንዲህ ባለው ገበታ ላይ የሚቀባ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፤ ብርሃንና ጥላን እያዋሐዱ ለመጎተት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ሠዓሊው በመስመር ይወስናል። የወሰነውም ይጸናል።

ሕጉ ከቤተ መቅደስ ወጥቶም ሠርቷል። የዓድዋ ሥዕሎችን አስታውሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያውያኑ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በጎን፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ወገንና ጠላትን ለመለየት ባንዲራ አያስፈልግም። የሕጉ ጭካኔም የሚታየው እዚሁ ነው፤ ሠዓሊው ሰውን በጎን ሲያዞር ፈርዶበታል።

ከምግብ ቤቱ ወጥቼ በሆልባይን ድልድይ የማይንን ወንዝ ስሻገር ሽቴድል ሙዚየም እደርሳለሁ። የያን ቫን አይክ «የሉካ ማዶና» እዚያ ናት። የተሣለችው እ.ኤ.አ. በ1437 ገደማ ነው፤ የፍሬ ጽዮን ዘመን እኩያ ናት ማለት ነው። ዘይት ምን እንደሚችል ከእሷ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቀለሙ በስሱ ተደራርቦ የቀይ ካባዋን እጥፋት፣ የምንጣፉን ጥለት፣ በመስኮት የገባውን ብርሃን ያሳያል። እመቤታችን ግን ወደ ልጇ አጎንብሳለች፤ ሕፃኑም ጡቷን ሲጠባ የምናየው ጎኑን ነው። በእኛ ሕግ ብናነበው ጉድ ያሰኛል፤ ጌታ በአንድ ዓይን! ቫን አይክ ግን አልተሳሳተም። እሱ የሣለው ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ያሉበትን ክፍል ነው። እኛ ገርበብ ባለ በር አጮልቀን የምናይ እንግዶች ነን። ፍሬ ጽዮን ደግሞ በሩን ከፍቶ ያቆመናል።

የእኛ ሠዓሊ ዘይት ሲያነሣ እነዚህ ሁለት መንገዶች እጁ ላይ ይጋጫሉ። የምግብ ቤቱ ሥዕል ግጭቱን ሸሽቶታል። ጉንጮቹን እንደ አውሮፓውያኑ በጥላ አለስልሶ፣ ዓይኖቹን ከገበታ ሥዕል ተውሷል። ዓይኖቹ ተለቁ እንጂ ማንንም አይመለከቱም፤ አንዱ ጀበናውን፣ ሌላው ባዶውን ያያል።

አፈወርቅ ተክሌ አልሸሸም። በለንደን ስሌድ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የብራና ሥዕሎቻችንን አጥንቷል። ሆኖም በእኔ ዕይታ ትውፊቱ ከዘይት ሥራዎቹ ይልቅ በአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት ውስጥ ይበልጥ ይተነፍሳል፤ እዚያ ጥላ የሚጥል መብራት የለም፣ ብርሃኑ በሥዕሉ በራሱ በኩል ይመጣል።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ ግን በኮሎኝ ተምሮ በዘመናዊነቱ ተወቀሰ። «ጎልጎታ» (1963) ውስጥ ትልልቅ ዓይን የለም፤ ያለው በቀይ የተጥለቀለቀ የተሰቀለ ሥጋ ነው። ከትውፊቱ አሠራር አንዱንም አልወሰደም ልንል እንችላለን። ነገር ግን ፊቱ ስንቆም ተመልካች ሆነን መቅረት አንችልም፤ ከስቅለቱ ሥር ቆመናል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሥዕል የትውፊቱን ልብስ ለብሷል፤ «ጎልጎታ» ልብሱን ጥሎ ግዴታውን ጠብቋል።

ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ይልቅ ይህ ሰፈር አስተምሮኛል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባሉት ጎዳናዎች ዕፅ የጎዳቸው ሰዎች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። በየቀኑ አልፋቸዋለሁ፤ የማየውም ጎናቸውን ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ያዞሩት እነሱ ይመስለኝ ነበር። ያዞርኩት እኔ ነኝ። በልቤ የሣልኳቸው እንደ ይሁዳ ነው።

ስለዚህ «ከቅዱሳት ሥዕላት ተነሥቼ በዘይት እሥላለሁ» የሚል ወጣት ሠዓሊ ሲያጋጥመኝ ስለ ቢጫው ጀርባና ስለ ጥቁሩ መስመር አልጠይቀውም። ሁለት ዓይን ለማን እንደሰጠ እጠይቀዋለሁ። ለባለ ጀበናዋ መስጠት ቀላል ነው፤ እሷን ሁላችንም እንወዳታለን። ደጃፉ ላይ ለተቀመጠው ሰው የሰጠ ዕለት፣ ሸራው ላይ አንድም የወርቅ ነጠብጣብ ባይኖር፣ የፍሬ ጽዮን ልጅ ነው እላለሁ።