ውሃውን መንገድ ማስያዝ

በግንቦት መጨረሻ፣ የደጋው ዝናም ሲከብድ፣ በጋምቤላ ከተማ ድልድይ ላይ ቆሞ አኝዋዎች ኦፔኖ የሚሉትን ባሮን የሚመለከት ሰው፣ በጋውን ጠርቶ የከረመው ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደፍርሶ ቀይ ሲለብስ ያያል፤ ይህም ለአላፊ አግዳሚው የክረምት መግቢያ ምልክት ከመሆን ባያልፍም፣ ዕድሜውን የተቆፈረ መሬት በማከም ለፈጀ ሰው ግን የላይኛው አገር ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ባሮ የሚወለደው ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ሲገናኙ ነውና፣ በገባ ሸለቆ በያዩ አካባቢ ለከሰል ድንጋይ ሲባል የተቆረሰ ዳገት በዝናም ሲሸረሸር፣ ደለሉ ወርዶ ወርዶ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ወደ ተዘረጋው ወደ እኛ ሜዳ ነው። እኔም የምኖረው በታችኛው ሜዳ፣ የሠራሁት በላይኛው ዳገት ስለ ሆነ፣ ዳገት የሚድነው በምን ሥርዓት እንደ ሆነ ያየሁትን መናገር ዕዳዬ ይመስለኛል።

ያዩ ሁለት ጸጋ የተደራረበበት አገር ነው፤ ከላይ በዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ የጫካ ቡና፣ ከታች በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ዓለት ንብርብሮች መካከል ተኝቶ የኖረ ከሰል። ጫካውን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ የማዕድን ባለፈቃድ ለጎዳው መሬት ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመድብ ደንግጓል። ከሰሉን ተመርኩዞ ሊቆም የታሰበው ታላቅ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግን ግንባታው ተጀምሮ ሳይፈጸም ቀርቷል። ሥራ ይቋረጣል፣ ገንዘብም ይዘገያል፤ ዝናም ግን ቀጠሮውን አያፈርስም፤ የተከፈተ መሬት ጠባቂ ቢያጣም ክረምቱን ብቻውን መቀበሉ አይቀርም።

ማዕድን ፈላጊ መሬትን ሲከፍት የሥነ ፍጥረትን ቅደም ተከተል ይገለብጣል፤ ከቅጠል ብስባሽ ለዘመናት የተጠራቀመው፣ አንድ ክንድ የማይሞላው ለም አፈር ከታች ይቀበራል፤ ብርሃን አይቶ የማያውቀው ግራጫ የሸክላ ድንጋይ ከላይ ይከመራል። ይህ የሸክላ ድንጋይ ሲቆፍሩት ዶማ የሚመልስ ይመስላል፤ ጠባዩን ለማወቅ ግን አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። ትንሽ ጓል ቆርሶ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ ማኖር ነው፤ በመጀመሪያ ጥቃቅን አረፋ ይተፋል፣ ቀጥሎም ጠርዙ እንደ በሶ ይፈራርሳል፣ አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ ከብርጭቆው ሥር አተላ ሆኖ ይተኛል። የደኑን ቀይ አፈር ጓል በሌላ ብርጭቆ ያኖሩት እንደ ሆነ ግን፣ ሥሩና ብስባሹ አስሮ ይዞታልና መልኩን እንደ ጠበቀ ይቆያል። የሙያዬ ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ ብርጭቆዎች ውስጥ አለ።

ይህን የተማርሁት በጥፋቴ ነው። በወጣትነቴ አንድ የተተወ የከሰል ቁፋሮ እንዳለብስ ተልኬ፣ ሐምሌን ሙሉ በዳገቱ ላይ የግራቪሊያ ችግኝ ሳስተክል ከረምሁ፤ በዓመቱ ስመለስ ግን ዳገቱን ቦረቦር ሰንጥቆት፣ ችግኙም ከነአፈሩ ሄዶ አገኘሁት። አንድ የአገሩ አዛውንት ገበሬ የቦረቦሩን አፍ በበትራቸው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ውሃው ከላይ ሲመጣ ማን ተቀበለው? ተቀባይ ያጣ እንግዳ አጥር ጥሶ ይገባል» አሉኝ። የንስሓ አባት ኃጢአቱን ሳይሰማ ቀኖና እንደማይሰጥ፣ እኔም የውሃውን መንገድ ሳልጠይቅ መድኃኒት ማዘዝ አልነበረብኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ከዳገቱ ግንባር ይጀምራል። ሁለት እግርና አንድ ማገር ካለው እንጨት ላይ ክርና ድንጋይ አንጠልጥለን ደረጃውን እየለካን፣ ከቁፋሮው በላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበል ቦይ እንቀዳለን፤ ቦዩም በ100 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ እንዳይወርድ እንጠነቀቃለን፤ ውሃው ከፈጠነ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናልና። ከመኪና ተገልብጦ በራሱ የቆመው ክምር ወደ 35 ዲግሪ ያዘነብላል፤ በደጋው ዝናም ግን በ3 ሜትር አግድም 1 ሜትር ብቻ እስኪወርድ ድረስ ማስተኛት ይገባል። በቁፋሮው የመጀመሪያ ቀን ተገፎ፣ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ቁልል ለብቻው የተጠበቀ የላይ አፈር ካለ፣ እርሱን መልሶ ማልበስ ይከተላል፤ ያ አፈር ካልተጠበቀ ግን ለዘመናት የተጠራቀመውን በጥቂት ዓመታት ብስባሽ መተካት እጅግ አድካሚ ነው። ከከሰሉ ጋር የሚወጣውና እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቀው የብረትና የድኝ ውሑድ አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ስለሚያፈልቅ፣ በቦዩ ጠርዝ ብርቱካናማ ዝገት ባየሁ ጊዜ ክፉውን ድንጋይ በሸክላ ጠቅጥቄ እቀብራለሁ፣ ቀሪውንም በኖራ አለዝባለሁ። ተክል የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከተክልም የሚቀድመው በኢሉባቦር ገበሬ ዘንድ የታወቀው የቬቲቨር ሣር ነው፤ በደረጃው መስመር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየተራራቀ ሲተከል ደለሉን አግቶ ራሱ እርከን ይሠራል፣ ሥሩም 3 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በእርሱ ከለላ ብሳናና ዋንዛ ይነሣሉ።

ቅደም ተከተሉን መናቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ዓለም አይቶታል። በዌልስ አገር በአበርፋን መንደር፣ ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በምንጭ ላይ ተከምሮ የነበረው የከሰል ቁፋሮ ትርፍራፊ ውሃ ጠግቦ በትምህርት ቤት ላይ ተናደ፤ 144 ሰዎችም ሞቱ፣ ከእነርሱም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ያ ክምር በምንጭ ላይ ባይቆም ኖሮ ያ ሁሉ ኀዘን ባልሆነ ነበር።

በክልላችን በዲማ ወረዳ፣ በአኮቦ ወንዝ ዙሪያ፣ ወርቅ በእጃቸው የሚያወጡ ሰዎች በሚተዉት ጉድጓድም ሕጉ ያው ነው። ማሽን የሌለው ሰው እንኳ የላዩን አፈር በቀኝ፣ የታችኛውን ጠጠር በግራ ቢያኖር፣ ሲጨርስም ጠጠሩን አስቀድሞ አፈሩን አስከትሎ ቢመልስ፣ ምድሪቱ በክረምቱ ሣር ታበቅልለታለች።

በነሐሴ፣ ዝናሙ ባባራ ጊዜ፣ ከቦዩ መውጫ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ በድንጋይ ላይ አኖራለሁ፣ እስኪጠልም ከአጠገቡ እቀመጣለሁ። ከታከሙት ዳገቶች በአንዱ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ የተኛው ደለል ሁለት ጣት ነበር፤ በአራተኛው የጥፍር ውፍረት ያህል ሆነ። በዚያው ወራት፣ ከዚያ ስፍራ ብዙ ርቃ፣ በጋምቤላ አንዲት እናት ከባሮ በጄሪካን የቀዳችውን ውሃ በጓሮዋ አስቀምጣ እስኪጠል ትጠብቃለች። የእኔ ሙያ ያንን መጠበቂያ ጊዜ ማሳጠር ነው።