ደጅ ላይ የተኛው ሙሽራ

የጥቅምት 14 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ ገብረ ክርስቶስ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ተሰናብቶ ከቤተ መንግሥት ይወጣል። የያዘውን ለድሆች ያድልና አርማንያ ወርዶ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደጅ 15 ዓመት ሲለምን ይኖራል። ማንነቱ ሊገለጥ ሲል ከዚያም ይሸሻል፤ ተመልሶም በገዛ አባቱ ደጅ፣ አባት ሳያውቀው፣ እናት ሳታውቀው፣ ሌላ 15 ዓመት ይተኛል። ሎሌዎች እጣቢ ይደፉበታል፤ ውሾች ቁስሉን ይልሱለታል። ሲሞት በእጁ ጨብጦት የተገኘው ክርታስ የማን ልጅ እንደ ነበረ ይናገራል።

ይህ ታሪክ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲነገር ብዙ ጊዜ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት የምትተርፈው፤ የዚህ ዓለም ገንዘብ ከንቱ ነው የምትለዋ። እኔ ግን የገንዘብን ከንቱነት ለማስረዳት ሲባል አንድ ሰው 30 ዓመት ደጅ ላይ መተኛት ነበረበት ብዬ አላምንም። ለዚያማ አንድ ተረት ይበቃ ነበር። ገድሉን የደረሰው ሰው፣ የደረሱት ሰዎች ማለት ሳይሻል አይቀርም፣ ከዚህ የከበደ ነገር ይዞ የተነሣ ይመስለኛል። ስለዚህ የቅድስናውን ጉዳይ ለሚመለከታቸው ትቼ፣ ድርሰቱን እንደ ድርሰት ላየው እፈልጋለሁ።

ታሪኩ የኛ ብቻ አይደለም። በግሪኮችና በላቲኖች ዘንድ ይኸው ሰው አሌክስዮስ ይባላል፤ «የእግዚአብሔር ሰው» የሚለው ቅጽልም አይለየውም። እንደ ላቲኑ አባቱ ንጉሥ ሳይሆን ኤውፌምያኖስ የሚባል የሮም መኰንን ነው፤ የሚሰደደውም ወደ ኤዴሳ ነው፤ ዘመኑም 17 ዓመት በስደት፣ 17 ዓመት በአባት ቤት ደረጃ ሥር ነው። ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዐረብኛ እንደ ሆነ ይገመታል። የግእዙን ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ኤንሪኮ ቼሩሊ ናቸው፤ በወረራው ዘመን በአገራችን ላይ ሹም ሆነው የተቀመጡ ሰው መሆናቸውን ሳንረሳ፣ ለዚህ ሥራቸው ልናመሰግናቸው ይገባል።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን በሶርያ ቋንቋ የተጻፈው ነው። እሱ እጅግ አጭር ነው። ሰውየው ስም እንኳ የለውም። የባለጸጋ ልጅ ነው፤ ከሠርጉ ሸሽቶ ኤዴሳ ይገባል፤ ጳጳሱ ራቡላ በነበረበት ዘመን፣ ማለት በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ቀን ቀን ይለምናል፣ ያገኘውን ለሌሎች ያካፍላል፣ ሌሊት ይጸልያል። በበሽተኞች ቤት ይሞታል፤ በእንግዶች መቃብር ይቀበራል። ምስጢሩን ያወቀ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ለጳጳሱ ነግሮ መቃብሩ ቢከፈት ሬሳው የለም፤ የተገኘው ቡትቶ ብቻ ነው። በቃ፤ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል። ወደ አባት ቤት መመለስ የለም፤ ደጅ የለም፤ ውሻ የለም፤ እጣቢ የለም።

እንግዲህ የኔ ጥያቄ ይህ ነው። የኋለኞቹ ተራኪዎች ይህን የመሰለ የተጠናቀቀ ታሪክ እጃቸው ሲገባ፣ ሰውየውን ከመቃብሩ አስነሥተው ያህል ወደ አባቱ ቤት ለምን መለሱት? ምን ጎደለን ብለው ነው? አንዳንዶች ለጣዕም ነው፣ ሰሚን ለማስለቀስ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን የጎደላቸው ነገር ቤቱ ይመስለኛል። የሶርያው ጸሐፊ የሄደውን ሰው ብቻ ተከትሎ፣ የቀሩትን አልጠየቀም። ሰሚው ግን ጠየቀ። አባትስ? እናትስ? ያቺ ሙሽራስ? ተራኪው መልስ ለመስጠት ሲል ሰውየውን አምጥቶ በራቸው ላይ አስተኛው። የድርሰቱ ትልቅነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እስቲ አባትየውን እንይ። በወንጌል የተነገረው የአልዓዛርና የባለጸጋው ምሳሌ የዚህ ሁሉ ምንጭ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ደጁም፣ ቁስሉም፣ ውሾቹም ከዚያ የመጡ ናቸው። ነገር ግን ደራሲው ምሳሌውን እንዳለ አልገለበጠም። ባለጸጋውን ደግ አደረገው። ንጉሡ ለማኙን ከደጁ አላባረረም፤ እንዲኖር ፈቀደለት፤ ምግብ እንዲሰጠው አዘዘ። ልጁንም ይወዳል፤ ሎሌዎቹን ወርቅ አስይዞ በየአገሩ ፍለጋ ይልካል። ሎሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይደርሳሉ፤ ከለማኞቹ መካከል ልጁን ያገኙታል፤ ሳያውቁት ምጽዋት ሰጥተውት ያልፋሉ። ይህቺን ቦታ ባነበብሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። ወርቁ የተላከለት ሰው ዘንድ ደርሷል፤ እጁም ገብቷል። የላኪው ዓላማ ግን ከሸፈ። ገንዘቡ መንገዱን ሳይስት ሰውየውን ሳተው።

በላቲኑና ከእሱ በተቀዳው የፈረንሳይ ቅኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ የወርቅ ነገር አለ። ሬሳው ሲወጣ ሕዝቡ መንገዱን ስለ ዘጋው፣ ሰዎቹ ወደዚያ ዞር ይሉ እንደ ሆነ ተብሎ ወርቅና ብር ይበተናል። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም፤ ሁሉም ወደ ሬሳው ተጋፋ። ያን ጊዜም ባለሥልጣኖቹ የሚያውቁት መድኀኒት ገንዘብ ብቻ ነበር። ልጅ ሲጠፋ ወርቅ፣ ለማኝ ሲመጣ ፍርፋሪ፣ ሕዝብ ሲጋፋ ወርቅ። ደራሲው ገንዘብን አይሳደብም፤ እርኩስ ነው፣ የሰይጣን ነው አይልም። ይልቁንም ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ እንደማይችል ሦስት ጊዜ ያሳየናል፤ ፊት ለይቶ ማወቅ አይችልም።

በዚህ በኩል አማርኛችን ከገድሉ ጋር ሳይመካከር የተስማማ ይመስለኛል። ለማኝን «የኔ ቢጤ» እንላለን። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ ማንም ልብ አይለውም እንጂ አስደንጋጭ ቃል ነው፤ እኩያዬ፣ ዓይነቴ፣ እኔን የሚመስል ማለት ነው። የቴዎዶስዮስ ደጅ ላይ የተኛው የኔ ቢጤ በእውነትም ቢጤው፣ ያውም ከአብራኩ የወጣ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ምጽዋቱን አላጓደለም፤ የቃሉን ትርጉም ግን 15 ዓመት ሙሉ አልሰማም።

እጣቢውን የሚደፉት ሎሌዎች ናቸው፤ ይህም ያለ ምክንያት አልገባም። ንጉሡ በእጁ አይነካውም፤ ንግሥቲቱም አትሰድበውም። የሚያንገላታው ከድህነት አንድ እርምጃ ብቻ ፈቀቅ ያለው፣ በሰው ቤት እንጀራ የሚኖረው ነው። ከባለጸጋ ጓዳ የጠጋ ሰው ከባለጸጋው ይልቅ በር ላይ ያለውን እንደሚጠላ ደራሲው ያውቃል። ዛሬም ቢሆን የትልልቅ ሕንፃዎችን ደጅ ያስተዋለ ሰው ይህን አይስተውም፤ ለማኙን የሚገፈትረው ዘበኛው እንጂ ባለ ሕንፃው አይደለም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ይህ ገድል የተጻፈው ለሚተወው ነገር ላለው ሰው ነው። ልዑል ተነሣና ዙፋን ተወ ነው ታሪኩ። ለኪራይ ለተቸገረች የልጆች እናት፣ ደመወዙ ወር ለማይደርስለት ሰው፣ «ገብረ ክርስቶስን እይ፣ ድህነትን ውደድ» ብሎ መስበክ የሌላ ሰውን ደብዳቤ ከፍቶ ማንበብ ነው። እሷ የምትተወው ዙፋን የላትም። በአንጻሩ ደግሞ በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣው፣ መኪናና ቪላ የእምነት ደረሰኝ ናቸው የሚለው ስብከት አለ። ሁለቱ የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰውን የሚመዝኑት ባለውና በሌለው ነው። ስለ ሁለተኛው ከዚህ በላይ ቃል ማባከን አልፈልግም።

አሁን ወደ ሙሽራይቱ ልምጣ፤ ከገድሉ ጋር የምጣላውም እዚህ ላይ ነው። ገብረ ክርስቶስ ወርቁን ሰጠ፤ የራሱ ነበርና ይስጥ። ማዕረጉንም ተወ፤ የራሱ ነበርና ይተው። የእሷን 30 ዓመት ግን ማን ሰጠው? በሠርጓ ሌሊት ባሏ ሄደ፤ ባል አላት እንዳይባል የለም፤ የላትም እንዳይባል አልሞተም። ከኋለኛው 15 ዓመት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ በዚያ ደጅ ወጥታ ስትገባ ያያታል። ልቅሶዋን ይሰማል። አንዲት ቃል ቢናገር ትጽናና ነበር። ዝም አለ። ገድሉ ይህን ዝምታ የትዕግሥቱ ጫፍ አድርጎ ያቀርብልናል፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥቱ የማን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። እሱ የመረጠውን ታገሠ። እሷ ያልመረጠችውን ታገሠች። መንፈሳዊ ሀብት ከሥጋዊው ይበልጣል ካልን፣ በዚህ ቤት ውስጥ ባለጸጋው ማን ነው?

በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይኛ የተገጠመው የአሌክስዮስ ቅኔ ይህን ነገር የተረዳው ይመስላል። 625 ስንኞች አሉት፤ ክርታሱ ከተነበበ በኋላ ሦስት ልቅሶዎች በተራ ይመጣሉ። አባት ያለቅሳል፤ ሰፊ ቤቶቼንና ርስቴን ማን ይወርሳቸዋል ይላል። በዚያች ሰዓት እንኳ ከአፉ የወጣው ንብረት ነው፤ ገጣሚው በዚህ አልማረውም። እናት ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋ የማሕፀን ልቅሶ ነው፤ በደጇ ተኝቶ ሳለ አለማወቋ ያንገበግባታል። በመጨረሻ ሙሽራይቱ ታለቅሳለች፤ እሷ የምታነሣው ርስት አይደለም፤ ፊቱን ነው፤ የጠበቀችውንና የተለወጠውን ውበቱን ነው። ገጣሚው ቅዱሱን አልተቸም፤ ግን ሦስቱን አፍ አውጥተው እንዲናገሩ ፈቀደላቸው። ስንክሳሩ የዕለት ንባብ ስለ ሆነ ለዚህ ቦታ አልነበረውም፤ ይቅር ሊባል ይችላል። ንባቡን እየሰሙ ያደጉ የኛ ደራስያን ግን ያንን ባዶ ቦታ ሳያዩት ማለፋቸው ያስቆጨኛል።

ከዘመናዊ ጸሐፊዎች በዚህ ነገር ሲታመስ የኖረው ቶልስቶይ ነው። «አባ ሰርግዮስ» የሚለው ድርሰቱ እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመ ሲሆን፣ እጮኛውን ትቶ ስለ መነኰሰ ልዑል የሚናገር ነው። ልዑሉ ሀብቱን ሁሉ ይተዋል፤ ቅድስናው ግን ራሱ ሀብት ይሆንበታል። ሰው ከየአገሩ ይጎርፍለታል፤ ዝናው ይከማችለታል፤ ገዳሙም በስሙ ይጠቀማል። በስተ መጨረሻ ከዚያም ሸሽቶ የሚያገኛት ፓሼንካ የምትባል ምስኪን ሴት ናት፤ ሙዚቃ እያስተማረች ልጇን፣ አማቿንና የልጅ ልጆቿን የምትመግብ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እንኳ እየሰነፍሁ ነው ብላ የምታፍር። ቶልስቶይ እግዚአብሔርን ያገለገለችው እሷ ነበረች ይለናል። ይህ ለገብረ ክርስቶስ ገድል የተሰጠ ከባድ መልስ ነው፤ ከደጁ ይልቅ ጓዳውን ምረጥ እንደ ማለት ነው።

ደራሲው ራሱ ግን ጓዳውን አልመረጠም። እ.ኤ.አ. በ1910፣ በ82 ዓመቱ፣ ሀብቱ አሳፍሮት ሌሊት ከቤቱ ወጣ። አስታፖቮ በሚባል የባቡር ጣቢያ ታሞ ወደቀ። 48 ዓመት በትዳር አብራው የኖረችው ሚስቱ ሶፊያ ተከትላው መጣች፤ አታስገቧት ተባለ። ከውጭ ቆማ በመስኮት ለማየት ትሞክር ነበር፤ ያስገቧት እሱ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። በገድሉ ደጅ ላይ የቀረው ባል ነበር፤ በአስታፖቮ ደጅ ላይ የቀረችው ሚስት ናት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የዚያችን ሙሽራ ጥያቄ በአማርኛ ያነሣልን አንድ ሰው አለ ብዬ አስባለሁ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከዚህ ገድል አጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ብዙ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዛብህ በእናቱ ብፅዓት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ማለት፣ መተዉን ሌላ ሰው የተወለት። ሰብለ ወንጌል ደግሞ እንደዚያች ሙሽራ ቤቷ ቁጭ ብላ አትጠብቅም። የአባቷን ሀብትና የታጨችለትን ባለማዕረግ ጥላ፣ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ትወጣለች። ቤተ መንግሥት መሰል ቤት የሚተወው፣ ቡትቶ የሚለብሰው፣ መንገድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ሴቷ ናት። የምትወደውን ሰው የምታገኘው በሞት አልጋ ላይ ነው፤ ግን ታገኘዋለች፤ ስሟን እየጠራ ያውቃታል፤ እሷም ታውቀዋለች። የቁስጥንጥንያዋ ሙሽራ ሬሳና ክርታስ ነው የደረሳት፤ ክርታሱንም ቢሆን ያነበበላት ሌላ ሰው ነው።